የእፍኝ እብቅ ልጅ

ልጇ እንደገና ሊወለድ መሆኑን ከሰማች ወዲህ የጃካቬ ዓይን እንቅልፍ አላየም። መውለድ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። አራት ወልዳ ሦስቱን በሕፃንነታቸው በገዛ እጇ አፈር አልብሳለች። ስለዚህ "እንደገና" የሚለውን ቃል ስትሰማ ገና ወገቧን ይቆርጣታል።

ሰዎቹ ግን ደስ ብሏቸዋል። ከወንዝ ማዶ የተጠሩት ካህናት፣ ብራህማኖቹ፣ የሂሬጉዳን ኮረብታ ወጥተው፣ የግቢውን ጥሩ ጥሩ ክፍል ይዘው፣ ምግባቸውን ለብቻ እያስበሰሉ፣ ውሃቸውን ለብቻ እያስቀዱ ከርመዋል። እሷ ስታልፍ የዝቅተኛ ወገን ጥላዋ አርፎባቸው እንዳያረክሳቸው ግድግዳ ይጠጋሉ። ይህ ሁሉ በገዛ ልጇ ግቢ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተናዳ ነበር፤ አሁን ግን እሷው ራሷ ዞር ብላ ታልፋለች። ንዴትም ጉልበት ይፈልጋል።

ልጇ ቲፓ ራጃ ነው፤ ንጉሥ ማለት ነው። እንዴት ራጃ ሆነ የሚል ቢኖር ነገሩ ቀላል ነው። የከብት አርቢ ልጅ ነበር፤ የተዘረፈ ከብት ማስመለስ ጀመረ። ከብት የሚያስመልስ ሰው ተከታይ ያገኛል፤ ተከታይ ያገኘ ኮረብታ ይይዛል፤ ኮረብታ የያዘ ሰው ደግሞ የሰሜኑ ታላቅ ንጉሥ ሞቶ ልጆቹ እርስ በርስ ሲባሉ፣ አንድ ጠዋት ሲነቃ ራጃ ሆኖ ያገኘዋል። የነገሥታት ቤት ሁሉ የሚጀመረው እንዲህ ነው። የሚቀረው ማስዋብ ብቻ ነው።

ማስዋቡ ግን ከጦርነቱ ባሰ። በሂሬጉዳና በጎረቤቱ በቤልጋሌ መካከል አንድ ትልቅ ኩሬ አለ፤ የውሃውን መክፈቻ ማን ይያዝ እየተባለ በየበጋው ሰው ያልቅበታል። የጃካቬ የወንድም ልጆች ሁሉ እዚያ ኩሬ ዳር ነው የቀሩት። የቤልጋሌው ንጉሥ እሱንም ደክሞት ይሁን አይታወቅም፣ "ልጄን ልዳርለትና ውሃውን እንካፈል" ብሎ ላከ። ልጄን የምሰጠው ግን ለነገሥታት ዘር እንጂ ለከብት አርቢ አይደለም አለ። እንግዲህ ዘር ከየት ይምጣ? ገበያ አይወጣ ነገር። መላውን ያመጡት ብራህማኖቹ ናቸው። የእናቱ ማህፀን ካልሆነለት ከወርቅ ማህፀን ይወለድ አሉ። ሰው የሚይዝ የወርቅ ጋን ይሠራል፤ ራጃው እዚያ ገብቶ እንደ ፅንስ ይኮማተራል፤ የእርግዝናው ጸሎት ይደረስለታል፤ ሲወጣ አዲስ ሰው ነው፣ ዘሩም ከጨረቃ ይቆጠራል። ጋኑ ደግሞ ተቆራርጦ ለብራህማኖቹ ይታደላል።

ወርቁ የተለቀመው ከወታደሮቹ ሚስቶች ጆሮና አፍንጫ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የገባው የጃካቬ ጉትቻ ነበር።

በዋዜማው ጠዋት የብራህማኖቹ አለቃ ናራሃሪ ባታ ወደ እሷ ደጃፍ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ሲጸልይ ስለከረመ ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ሆኗል። ከደጃፉ ራቅ ብሎ፣ ጥላ የሌለበት ቦታ መርጦ ቆመ።

"እሜቴ፣ ነገ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ።"

"ምን ልሥራ?"

"እናት ያለው ሰው ሌላ ማህፀን አይገባም። አስቀድሞ መሰጠት አለበት። በእጄ ላይ ውሃ ያፈሱና 'ሰጥቻለሁ' ይላሉ። ይኸው ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የእርስዎ ልጅ አይደለም።" ብዙ ደስ የማይል ነገር ተናግሮ እንደለመደና አሁን መቀመጥ ብቻ እንደሚፈልግ ሰው ነበር የተናገረው። "ከእጅዎ አይበላም። ቢታመሙ አይጠይቅዎትም። እሱ ቢሞት እርስዎ አያለቅሱም።"

"እኔ ብሞትስ?"

በአገራቸው ሕፃን ይቀበራል፣ አዋቂ ግን ይቃጠላል፤ እሳቱን የሚለኩሰውም ወንድ ልጁ ነው። ናራሃሪ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሳቱን ሌላ ወንድ ዘመድ ይለኩስልዎታል።"

"ዘመዶቼ ኩሬው ዳር ናቸው።"

"የሩቅም ቢሆን ይፈለጋል።"

ጃካቬ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተነሳች። ስትቆም ሁለቱም ጉልበቶቿ ጮኹ።

"አባት፣ እኔ ሦስት ልጅ ቀብሬ አራተኛውን ያሳደግኩት እንዲነግሥልኝ አይደለም። ለዚያች ቀን ነው። እንጨቴን እንዲለኩስልኝ፣ ለነፍሴም ሩዝ ለቁራ እንዲጥልልኝ። ሌላ ምን ጠየቅኩት? ማንም የማያውቃት አሮጊት ሆነሽ ተቃጠይ ነው የሚሉኝ?"

"እምቢ ማለት ይችላሉ" አላት ሽማግሌው። "እኔ አላስገድድዎትም። ሥርዓቱን ሊያይ የተላከው የቤልጋሌው ንጉሥ አጎት ግን ደርሷል።"

እሱ ከሄደ በኋላ የዳጉሳውን ገንፎ አገነፋችና እንደ ልማዷ በእጇ አድቦለቦለችው፤ አሬራ በቅል ያዘችና ወደ ልጇ ሄደች። ቲፓ ራቁቱን ሰገነቱ ላይ ቆሟል። ወርቅ አንጥረኛው ሆዱን በገመድ ይለካዋል።

"ሆዴን ሳብ ላድርገው?"

"ተው ጌታዬ፣ ነገ ሲተነፍሱ እዚያው ይቀረቀራሉ።"

"አስፋው እንግዲያ።"

"በምን ወርቅ ጌታዬ? በአገሩ ጆሮ እንጂ ጌጥ ቀርቷል እንዴ?"

ቲፓ ሳቀ፤ አንጥረኛውን በእጁ ምልክት አሰናበተና ከእናቱ ፊት ቁጢጥ አለ። እሷም የዳጉሳውን ድብልብል እየቆረሰች፣ አሬራ እያስነካች አጎረሰችው። ጺሙ መሸበት ጀምሯል። ድሮ ከጦርነት ሲመለስ ሦስት አራቱን ይውጥ ነበር፤ አሁን አንዱም አላልቅ አለው።

"ነገረሽ?" አላት።

"ነገረኝ። ማን ያቃጥለኛል ቲፓ?"

የጎረሰውን ዋጠ። "ደክሞኛል እማዬ። ባለፈው በጋ ከኩሬው ተሸክመን ያመጣናቸውን ልጆች ስማቸውን እንኳ እያምታታሁ ነው። አንዱን አባት በሌላው ልጅ ስም አጽናናሁት። ሰውየው እጅ ነስቶኝ ሄደ። አንድ በጋ ብቻ፣ አንድ በጋ ማንም ሳይሞት ማየት እፈልጋለሁ።"

"የጠየቅኩህ እሱን አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

ጺሙ ላይ የቀረውን አሬራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

"ያኔ ጥራጊ ላይ ጣልሽኝ፤ ነገ ደግሞ ወርቅ ውስጥ ትጥይኛለሽ" አላት ፈገግ ብሎ። "ሹመት አይደል?"

ቲፓ ማለት በአገራቸው የጥራጊ ክምር ማለት ነው። ልጅ የማይበረክትላት ሴት ስትወልድ ሕፃኑን ወስዳ ጥራጊ ላይ ትጥለዋለች፤ ሌላ ሴት "ይህ የማነው?" ብላ ታነሳዋለች፤ እናቲቱም እንደ ባዕድ መጥታ በእፍኝ እብቅ ትገዛዋለች። ሞት ሲመጣ የሚያገኘው የተናቀ፣ የተጣለ፣ በእብቅ የተሸጠ ልጅ ነው፤ ይህማ ለእኔም አይሆነኝም ብሎ ያልፋል። ጃካቬ ከሦስቱ በኋላ ይህን አደረገች። ያነሳችላት ጎረቤቷ፣ ጠራጊዋ ሳንካቬ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና አሁን የለችም።

"ያኔ መልሼ ገዝቼሃለሁ" አለችው።

"ተወድጄብሽ ነበር?"

"ሳንካቬ 'ትንሽ ጨምሪበት፣ ድምፁ እኮ ከባድ ነው' ብላኝ ነበር።"

ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ረዘም ላለ ጊዜ ፊቷን አያት፤ የሚላት ነገር ያለ መሰላት። አንጥረኛው ግን ሌላ ገመድ ይዞ ተመለሰ። ጃካቬም ባዶውን ቅል አንስታ ወጣች።

በማግሥቱ ጸሐይ ሳይበረታ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የቤልጋሌው ንጉሥ አጎት ከፊት ተቀምጦ አፍ የሚያቀላ ቅጠል ያኝካል፣ ቀይ ምራቁን በነሐስ ዕቃ ይተፋል። ዓይኑ ከሁሉም ሰው ላይ ጉድለት ይፈልጋል። ጋኑ መሐል ላይ ተቀምጧል። ወርቁ ስስ ስለሆነ አልረጋ ብሎ ቢወዛወዝ አንዱ ወታደር ሮጦ ከሥሩ ድንጋይ ሸጎጠለት። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚባለው ለወርቁም ይሠራል ማለት ነው።

"የምትሰጠው ማን ናት?" አለ ናራሃሪ በተሰነጠቀ ድምፁ።

ጃካቬ ውሃውን ይዛ ወጣች። ቲፓ በነጭ ሽርጥ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እምቢ ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል፤ አጎትዬው ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል፤ በሚመጣው በጋ ሴቶች እንደገና ወደ ኩሬው ይወርዳሉ፣ ሬሳ እያገላበጡ የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። እሷም የወንድሟን ልጆች እንደዚያ ነው ያገኘቻቸው። ታናሹን የለየችው በእግሩ ጣት ነው።

ውሃውን በሽማግሌው መዳፍ ላይ አፈሰሰች። "ሰጥቻለሁ" አለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም ራሱ አስከፋት። እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ እጅ መንቀጥቀጥ ነበረበት።

ቲፓ በመሰላል ወጥቶ ጋኑ ውስጥ ገባ። ጉልበቱን አጥፎ ራሱን በጉልበቶቹ መሐል ሲቀብር ከውጭ የሚታየው አናቱ ብቻ ሆነ። ክዳኑ ተደፋበት። ብራህማኖቹ ጸሎት ጀመሩ፤ ሴቲቱ እንድትፀንስ፣ ፅንሱ ወንድ እንዲሆን፣ እናቲቱ በሰላም እንድትገላገል ይለምናሉ። ወርቋን እንደ ነፍሰ ጡር ያባብሏታል። ጃካቬ ቲፓን ስታረግዝ ማንም አላባበላትም፤ እስከ ዋዜማው ድረስ እበት ስትጠርግ ነበር። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ይባላል። የወርቅ ሆድ ምን እንደሚባል ገና ተረት አልወጣለትም።

ከጋኑ ውስጥ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ያስጠኑትን ነው የሚለው። "ሥጋ የወለደችኝን ትቻለሁ። ወርቅ ወልዳኛለች። ከእንግዲህ ሌላ እናት አላውቅም።" ጋኑ ድምፁን እያስተጋባ ባዕድ ሰው አደረገው። አንድ ቦታ ላይ ሳል አቋረጠው፤ ያ ሳል ግን የእሱ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አቧራ አይስማማውም።

ክዳኑ ተነሳ። ናራሃሪ በሁለት እጁ ብብቱ ሥር ይዞ ጎተተው፤ ላብ እንደ ውሃ ያሰጠመውን የጎልማሳ ገላ ሌሎቹም ተጋግዘው አወጡት። "ተወለደ!" ተባለ። ሕፃን ሲወለድ ያለቅሳልና ማልቀስ ነበረበት። ቲፓ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን እንደ ደከመ በሬ ዓይነት ድምፅ ነው። ከኋላ አንድ አሮጌ ወታደር ሳቁን በሳል አስመሰለ። አጎትዬው ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ይበቃል ማለቱ ነበር። የአንዱ ብራህማን ሚስት ማርና ቅቤ በጣቷ አቀመሰችው። ስሙም ቻንድራቫርማ ተባለ።

ከዚያ አዲሱ ራጃ በሰው መሐል እያለፈ ወደ አዳራሹ ሄደ። ጃካቬ ምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። ዓይኑ ምሰሶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከእሷ ቀጥሎ የቆመውን የዝሆን ጠባቂ አየ፤ ሦስቱንም እኩል አየና አለፈ። እንዲህ እንደሚሆን ነግረዋታል። ታውቅ ነበር። ቢሆንም አመማት፤ ሦስቱን ስትቀብር እንዳመማት ያለ ሕመም ነበር፣ ብቻ አሁን የምትምሰው አፈር አልነበረም።

ሌላው ሰው ወደ ግብዣው ሲተም እሷ እዚያው ቀረች። አንጥረኛው መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። ብራህማኖቹ ከብበውት "እዚህ ጋ፣ ኧረ እዚህ ጋ፣ ለእሱ ወፍራሙን ሰጠኸው" እያሉ ጋኑን አስቆረጡት። መዶሻው በመታ ቁጥር ወርቁ ይጮሃል። ጃካቬ እያየች ቆይታ፣ ቆይታ፣ አንድ ነገር ገባት። ይህችው ናት እኮ እናቱ። ከወለደችው ገና ውሃ እንኳ አልፈላም፣ ይኸው እናቱን ቆራርጠው ተካፈሏት። ልጇ ወላጅ የሌለው ልጅ ሆኗል።

ወደ ጓሮ ዞረች። ሴቶቹ ለግብዣው ሩዝ ይወቅጣሉ። ጎንበስ ብላ ከሙቀጫው ሥር እብቅ አፈሰች።

"እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል? ለዶሮ ነው?" አለቻት አንዷ።

"ለልጅ ነው" አለች ጃካቬ።

ናራሃሪ ባታን በኒም ዛፍ ሥር ብቻውን አገኘችው። እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓይኑን ጨፍኗል። ድርሻው የሆነው የወርቅ ቁራጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል። ጥላዋ እንዳይነካው ራቅ ብላ ቆመች።

"አባት፣ ዛሬ ከጋኑ ያነሱት ሕፃን እናቱ ወዴት ናት?"

ዓይኑን ገለጠ። "እናቱ ወርቋ ናት እሜቴ።"

"ወርቋማ ይኸው አጠገብዎ ተጠቅልላለች። የቀረችውንም ባልደረቦችዎ በየከረጢታቸው ይዘዋታል። ሞታለች። ልጁ በተወለደ ቀን ያለ እናት ቀረ።" ትንፋሽ አጠራት፤ ቢሆንም ቀጠለች። "በእኛ ወግ እናት የሌለውን የወደቀ ልጅ ያነሳው ሰው ይሸጠዋል። ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ሁሉም አይቷል።" ጭብጧን ከፈተች። ጠዋት ያልተንቀጠቀጠው እጅ አሁን መያዣ አጥቶ እብቁ በጣቶቿ መሐል ይፈስ ጀመር። "ስንት ይላሉ?"

ሽማግሌው እብቁን አየ። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። እግሩን ከውሃው አውጥቶ መሬት ላይ አደረገ።

"ዛሬ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ ለብቻዬ አስጠራኝ" አለ። "'ከሥርዓቱ በኋላ አንዲት ሴት እብቅ ይዛ ትመጣብዎታለች። እንዳይመልሷት' አለኝ። 'ዋጋም እንዳይጨምሩባት፤ ፊትም ጨምሪ ተብላለች' አለኝ።"

እሷ ራሷ እንኳ መሮውን እስክታይ ድረስ ያላሰበችውን ነገር እሱ በጠዋቱ አውቆባታል። ትናንት ፊቷን ሲያይ የቆየው ይህንን ሲያሰላ ነበር።

"እና ምን አሉት?" አለች። "አይሆንም አሉት?"

"እኔ ምን እላለሁ? ሕጉ ያለውን ነገርኩት። ልጅ በብዙ መንገድ ይገኛል፤ የተወለደ አለ፣ የተሰጠ አለ፣ ወድቆ የተነሳ አለ፣ የተገዛ አለ። የተገዛ ልጅም ልጅ ነው። ለገዛው ሰው እሳቱን ይለኩሳል፣ ሩዙንም ይጥላል።" እግሩን በልብሱ ጫፍ አደረቀ። "ይህን እኔ አልደነገግኩትም፤ ከእኔ በፊት የነበሩ ደካሞች ናቸው የደነገጉት። ይምጡ፣ ደረቅ ነገር ከማንም እጅ ቢሆን አያረክስም።"

መዳፉን ዘረጋ። ጃካቬ ሳትነካው ከላይ አፈሰሰችለት። ግማሹን ነፋስ ወሰደው።

"ጎድሏል" አለች ደንግጣ።

"አልጎደለም። ተሽጦልዎታል።" እጁን ጨበጠ። "ግን ለማንም እንዳይተነፍሱ። እሱም በሰው ፊት አያውቅዎትም፤ ዛሬም፣ ነገም። በሠርጉ ቀን ከሩቅ ነው የሚቆሙት።"

"ለማን እተነፍሳለሁ አባት? እኔ ልሂድና ጋደም ልበል።"

ስትመለስ በአዳራሹ ደጅ አለፈች። ራጃ ቻንድራቫርማ ከአጎትዬው ጎን ተቀምጦ፣ ከነሐስ ሳህን የሚበላውን እየነካካ ይተወዋል። እንደማንኛውም ሰው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እንደማንኛውም ሰው አየት አደረጋት። ቤቷ ገብታ ምንጣፏ ላይ ጋደም አለች፤ ጸሐይ ገና ሳይዘቀዝቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

ኩሬውን ተካፈሉ። በሚቀጥለው በጋ ሰው አልሞተም፤ ከዚያ በኋላም ባለው። የቤልጋሌዋ ልጅ ለራጃው ወንድ ልጅ ወለደችለት፤ ድንጋይ ጠራቢዎችም የዚህን ቤት ዘር ከጨረቃ አንስተው፣ በወርቅ ማህፀን በኩል አድርገው፣ እስከ ሕፃኑ ድረስ ቀረጹት። እዚያ ድንጋይ ላይ የሴት ስም የለም።

በሌላው በጋ፣ የጃካቬ ደጅ ሳይከፈት በዋለ በማግሥቱ ጠዋት፣ ራጃው ራሱንም ጺሙንም ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ከዙፋኑ ተቀመጠ፤ እናቱ ወይም አባቱ የሞተበት ሰው እንደሚላጨው። ሹማምንቱ ተያዩ፤ የሚጠይቅ ጠፋ። ሚስቱ ግን ብቻውን ስታገኘው "ማን ሞቶብህ ነው?" አለችው።

"ሙቀቱ ነው" አላት።

እጁ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።